ያለ አምስት የማይጀመር ሥራ

ባለፈው ሰኔ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ለአዲሱ ገበዝ አስረከብሁ። ንዋያተ ቅድሳቱ አንድ በአንድ ታይተው መዝገብ ላይ ሰፈሩ፤ ኮሚቴው ፈረመ፤ እኔም ፈረምሁ። ከዚያ ጋቢ አልብሰው አጨበጨቡልኝ። ለእኛ ሥራ ጭብጨባ አይገባም ብዬ ልቆጣ ስል እንባዬ ቀደመኝ። አሁን ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ግን እግሬ አያርፍም፤ «ነገ እነማን ናቸው የሚገቡት?» እያልሁ ግቢውን እዞራለሁ። ባለቤቴ «አንተን አይመለከትህም፤ ተቀመጥ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ይህን የምጽፈውም መቀመጥ ልልመድ ብዬ ነው።

ገበዝ ምን እንደሚሠራ ለማያውቁ የከተማ ልጆች ልንገራቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ይጠብቃል፤ ስንዴው፣ ዘቢቡ፣ ጧፉ እንዳይጓደል ያያል፤ ከሁሉ በላይ ግን ለቅዳሴ የሚገቡትን ሰዎች ይመድባል። ቅዳሴ ደግሞ አንድ ሰው የሚወጣው ሥራ አይደለም። ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ አምስት። አራት ከሆኑ አይጀመርም። መሪው ቄስ የቱንም ያህል ቢማር ብቻውን ቆሞ አይቀድስም፤ ዲያቆኑ ቁም ሲለው ይቆማል፣ ሕዝቡ ሲመልስለት ይቀጥላል። ሦስተኛው ዲያቆን፣ ጧፍ አብርቶ የሚይዘው፣ በማዕርግ የሁሉም ታናሽ ነው። እሱ ከሌለ ግን የሁሉም ታላቅ ልብሱን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን ሥርዓት ዕድሜዬን ሙሉ አይቼው አልጠገብሁትም። የሠሩት አባቶች ሰውን ምን ያህል ቢያውቁት ነው እያልሁ ዛሬም እደነቃለሁ።

ትውልዴ ከላላ ነው። እዚያው ዲያቆን ሆኜ አገለገልሁ፤ ከዚያ መካነ ሰላም፣ በቤተ ክህነት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆንሁ። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ማኅተም የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ አንዱ ቢደበዝዝ ብለው አንድ ደብዳቤ ላይ ሁለት ጊዜ ያትማሉ። ከእሳቸው ፋይል ማሠር ተምሬያለሁ፤ እሱም ጠቅሞኛል። ደርግ ገብቶ የቤተ ክርስቲያን መሬት በአዋጅ ሲወሰድ ለጸሐፊ የሚከፈለው ጠፋ። እኔም አዲስ ቄስ ነበርሁና ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ገደል አፋፍ ላይ ወዳለ አንድ ሚካኤል፣ ገበዝ ተብዬ ተላክሁ። ደመወዜ ምእመኑ ከአውድማ ላይ የሚሰፍርልኝ ገብስ ነው። ከቢሮ ወደ ገጠር መሄዱን እንደ ውርደት ቈጥሬው ነበር።

የዚያ ሚካኤል አስተዳዳሪ አለቃ ወልደ ሰንበት ይባላሉ፤ እኛ የኔታ እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። በግራ ቅልጥማቸው ላይ የማይሽር ቁስል ነበረባቸው። ደም የሚፈሰው ሰው ደግሞ መቅደስ አይገባም። ስለዚህ ቄስ ሆነው ሳለ ለዓመታት አልቀደሱም፤ እኛን አስገብተው እሳቸው ከመቅደሱ ውጭ ይቆማሉ። ራሱ የማይገባበትን መቅደስ እንደዚያ አድርጎ የሚመራ ሰው ከእሳቸው በፊትም በኋላም አላየሁም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። በማግሥቱ ወደሚገቡት አምስት ሰዎች ቤት በየተራ ይሄዳሉ፤ የአንዱ ቤት ከሌላው አቀበትና ቁልቁለት ነው። ደጃፍ ላይ ይቆሙና «ነገ የት ልትቆም ታስባለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ያውቁታል። ሰውዬውም ያውቃል። ቢሆንም ይጠይቃሉ፤ ትንሹን ዲያቆን ሳይቀር። እኔ የቢሮ ሰው ነኛ፤ አንድ ቀን «ለምን ይለፋሉ የኔታ? ተራውን በወረቀት ጽፌ ቤተ ልሔሙ በር ላይ ብለጥፈው አይበቃም?» አልኋቸው። ቤተ ልሔም የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርባት ትንሽ ቤት ናት፤ ሁላችንም ጧት መጀመሪያ የምንደርሰው እዚያ ነው።

«ይበቃል» አሉኝ። «ግን ወረቀት ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ አይነግርህም።»

እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሩ ላይ ቆመው አንድ ሰው በገባ ቁጥር አንድ ጣት ያጥፋሉ። እጃቸው ጭብጥ ሲሆን ፊታቸው ይፈታል። ያን ጊዜ ብቻ ነው ወደ ቅኔ ማኅሌቱ የሚሄዱት።

የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባውን እሑድ ጧት ማድረግ የጀመረ ጊዜ የሆነውን ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ካድሬው «የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ ይቅረብ» ብሎ መካነ ሰላም ድረስ አስጠራ። የኔታ አምስታችንንም ይዘው ሄዱ። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ያለው ወንበርም አንድ ነው።

«ኃላፊው ማነው?» አለ።

«እኛ ነን» አሉ የኔታ።

«እኔ የጠራሁት አንድ ሰው ነው።»

«የስብሰባው ነገር ከሆነ ዲያቆኑን ይጠይቁት ጌታዬ። ሕዝቡን ቁም የሚል፣ ሂድ የሚል እሱ ነው።»

ካድሬው ወደ ዲያቆኑ ዞረ። ዲያቆኑ ቅዳሴው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚያልቅ ተናገረ። ካድሬው ሁላችንንም ትክ ብሎ አየንና «በሉ ስብሰባው ከሦስት ሰዓት በኋላ ይሁን። ሁለተኛ ግን እንደ ለቀስተኛ ተሰልፋችሁ እንዳትመጡብኝ» አለ። ስንመለስ የኔታ እያነከሱ ይስቃሉ፤ «ብቻዬን ብሄድ ያስሩኝ ነበር። አምስት ሰው ለማሰር ወረቀቱ ይበዛባቸዋል» አሉን።

ከዚህ በኋላ ነው ሦስተኛው ዲያቆናችን ከገበያ ተይዞ ለብሔራዊ ውትድርና የሄደው። እኔና ሽማግሌው ረዳት ቄስ፣ ሁለት ዲያቆናት ቀረን፤ አራት። ከገደሉ ማዶ ያለችው ማርያም ደግሞ ከእኛ የባሰ ተጎድታ አንድ ቄስና ሁለት ዲያቆናት ብቻ ቀርተዋት ነበር። ቄሱ ቄስ ይመር ይባላል፤ ከእኔ ሰባት ዓመት ቀድሞ የቀሰሰ፣ ትሑት፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። የኔታ ተነጋግረው አንድ እሑድ እሱ ወደ እኛ እንዲመጣ፣ አንድ እሑድ እኛ ወደዚያ እንድንሄድ አደረጉ። ቄስ በዲያቆን ቦታ መቆም ይችላል፤ ዲያቆን ግን በቄስ ቦታ አይቆምም። የማርያም ዲያቆናት ልጆች ናቸውና በሌሊት ገደሉን አይወርዱም፤ ቢሆንም እሱ ብቻውን ሲመጣ አምስት እንሆናለን፤ ከቄሶቹ አንዱ ጧፍ ይይዛል።

በጥቅምት ወር እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት በጠና ታመሙ። ለቤተ ክርስቲያናችን ጧፍ ሲያዘጋጁ ያረጁ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሳይቈርቡ ኖረው አሁን ንስሐ ገቡና «ሥጋ ወደሙን ሳልቀበል አልሙት» አሉ። እኛ ዘንድ ቁርባን ተቀምጦ አያድርም፤ የሚቀበል ሰው ሲኖር የዚያኑ ቀን መቀደስ አለበት። እሑድ እንዲሆን ተቀጠረላቸው። ያን ቅዳሜ የኔታ እግራቸው አብጦ ከመደብ መነሣት አቃታቸውና ዙሩን ለእኔ ሰጡኝ። «ማዶም ውረድ፤ ይመርን ጠይቀው» አሉኝ።

አልወረድሁም። የሦስት ሰዓት መንገድ ነዋ፤ ደግሞም ተራው የእሱ መምጫ ነው፣ ባይጠየቅም ይመጣል። ወረቀት አወጣሁና በዚያ ባማረ የጸሐፊ እጄ ጻፍሁት፦ መሪ ቄስ እኔ፤ ረዳት ሽማግሌው፤ ሁለቱ ዲያቆናት በየቦታቸው፤ ጧፍ፣ ቄስ ይመር። ቤቱ የእኛ ነው፣ እሱ እንግዳ ነው ብዬ ነበር ያሰብሁት። ቤተ ልሔሙ በር ላይ ለጠፍሁትና ደስ ብሎኝ ገብቼ ተኛሁ።

ቄስ ይመር ማለዳ ደረሰ፤ ወንዙን ተሻግሮ ነበርና እግሩ እርጥብ ነው። ወረቀቱን አነበበ። ጋቢውን አስተካከለ፣ «ሚካኤል ይርዳችሁ» አለና ሄደ። እጁን ሊታጠብ የሄደ መስሎኝ ጠበቅሁት። ፀሐይ ወጣች። አንደኛው ዲያቆን አፋፉ ላይ ቆሞ ቍልቍል ሲያይ ቈየና «አባ፣ ወንዙን ተሻግረዋል እኮ» አለኝ።

በዚህ መሐል አያ ሰይድ እማማ ደብሪቱን በበቅሎው ጭኖ ደረሰ። ጎረቤታቸው ነው፤ ሙስሊም ነው፤ ልጆቻቸው ርቀው ሲሄዱ የልጅ ያህል የያዛቸው እሱ ነበር። ወጥቼ ቅዳሴ እንደሌለ ነገርሁት።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«አንድ ሰው ጎደለን።»

«እኔ ልሁንላችሁ እንዳልል አልሆን» አለ። «እንግዲህ ለእሳቸው ምን ልበላቸው?»

እማማ ደብሪቱ በቅሎዋ ላይ እንዳሉ ሰምተውን ኖሯል። ፊቴን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «ሌላ ቀን ነዋ። አብሽር ልጄ» አሉኝ። በቅሎዋን አዙረው ሄዱ።

የኔታ ወሬውን ሰምተው በዚያ እግራቸው እየተጎተቱ መጡ። አልተቆጡም። «ተነሥ፣ አሁኑኑ እንውረድ» ብቻ አሉ።

«ጥሎ የሄደው እሱ ነው፤ እሱ ይምጣ» አልሁ።

«የተጣላ ቄስ መቅደስ አይገባም። አንተም አትገባም፣ እሱም አይገባም። ሁለት ቤተ ክርስቲያን ዘግታችሁ ማን ይቅደም ትላለህ?»

«ታዲያ እርስዎ ሄደው ያናግሩታ።»

«ሽምግልና ብዬ መሄድ እችላለሁ። ይቅርታ ግን በውክልና አይሆንም» አሉኝ።

ሰኞ ጧት ወደ ገደሉ የሚያወርደው መንገድ አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። እየጠበቁኝ ነው፤ አይጠሩኝም። እኔም ሥራ አላጣሁም፤ የቅጥሩን አጥር ጠገንሁ፣ ስንዴ ለቀምሁ። ማክሰኞም መጥተው ተቀመጡ። ማክሰኞ ቀትር ላይ ወይራው ሥር ቁጭ ብዬ ለይመር የምለውን ሳዘጋጅ ነበር፤ አጠፋሁ ሳልል ይቅርታ የሚባልበትን መንገድ ስፈልግ። እንዲህ ያለ ቃል የለም። ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ሰለቸኝና ወደ የኔታ ሄድሁ። «ምን ወሰንህ?» እንኳ አላሉኝም፤ በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረዱት ዛሬም ይገርመኛል። ወንዙ ጋ ሲደርሱ በቁስሉ ላይ ያለው ጨርቅ ርሶ ነበር። ማዶ ወጥተን የይመር ደጅ ስንደርስ፣ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ ተሸከምሁና ጎንበስ አልሁ። ዞር ስል የኔታም ተሸክመዋል።

«እርስዎ ደግሞ ምን አጠፉ?» አልኋቸው።

«ዙሩን ስሰጥህ እንዴት እንደሚዞር አላሳየሁህም» አሉኝ።

ቄስ ይመር ከቤት ወጥቶ ሲያየን ጮኸ። መጀመሪያ የኔታን ድንጋይ አወረደ፣ ቀጥሎ የእኔን። ሦስታችንም አለቀስን። «በጧፉ አይደለም የተቀየምሁት» አለኝ። «ሳትጠይቀኝ ስለመደብኸኝ ነው። ብትጠይቀኝ ኖሮ እኔው ነበርሁ ልያዝ የምል። በኋላ አሮጊቷ በበቅሎ መጥተው መመለሳቸውን ስሰማ ደግሞ በራሴ አዘንሁ። ቤተ ክርስቲያኔን ከእሑድ ጀምሮ አልከፈትሁም።»

በማግሥቱ እንድንቀድስ ተስማማን። የኔታ ወደ ይመር ዞረው «ነገ የት ልትቆም ታስባለህ?» አሉት። «ጧፍ» አለ። እኔ ደግሞ ጧፉ የእኔ ነው አልሁ። እሱ አይሆንም አለ፣ እኔ አይሆንም አልሁ፤ የኔታ ሳቁ። «በዚህ እንኳ ብትጣሉ ይሻላል» አሉ። በመጨረሻ እሱ መሪ ሆነ፣ ጧፉም ለእኔ ሆነ።

ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ጧፍ ከያዝሁ ብዙ ዓመቴ ነበር። መሪ ሆኜ ስቆም መጽሐፉንና እጄን ብቻ ነበር የማየው፤ ያን ቀን ከታናሹ ቦታ ሆኜ ሁሉን አየሁ። ይመር ሊጀምር ሲል ዲያቆኑን ሲጠብቀው፣ ዲያቆኑ ሕዝቡን ሲጠብቅ፣ ሽማግሌው ረዳት ገጹን ሲገልጥለት፣ ውሃ የሚያፈሰው ከማንም ሳይታዘዝ እጁ ሥር ሲደርስ፣ እኔም ብርሃኑን ሳዞርለት። አምስታችንም ጾመኞች፣ ደካሞች፣ ሦስት ቀን ሙሉ በነገር ስንቃጠል የከረምን ሰዎች ነን። አንድ ሰው ሆነን ነበር። ሰውነቴን ፍርሃት ወረረው። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የተደነቅሁበት ጊዜ የለም፤ እዚያ ቤት ውስጥ ከእኛ ሌላ የሚሠራ እንዳለ በዓይኔ ያየሁ ያህል ነው።

እማማ ደብሪቱን አያ ሰይድና ሦስት ሰዎች በቃሬዛ አመጧቸው፤ በቅሎ ላይ መቀመጥ አልቻሉም ነበር። በሩ ላይ ሰይድ ቦታውን ለክርስቲያኖቹ ለቀቀና እሳቸውን ወደ ውስጥ አስገቧቸው። የመቍረቢያው ሰዓት ደርሶ ከመቅደስ ወጣን። ይመር ጎንበስ አለባቸው፤ እኔ ጧፉን ወደ ፊታቸው አስጠጋሁ። የማይውጥ ሰው አይቈርብም፤ ቢተፋ፣ ቢንጠባጠብ አያድርስ ነው።

«እማማ፣ ምራቅዎን ይዋጡልኝ» አላቸው ይመር።

ሞከሩ። ጉሮሯቸው ከፍ አለና እዚያው ቆመ። ምራቁ በከንፈራቸው ጥግ ወረደ።

ይመር ወደ እኔ ቀና አለ። «ቄስ ደምሴ፣ የቀረብኸው አንተ ነህ፤ ብርሃኑም ያንተ ነው። ዋጡ?»

ሁሉም እኔን ያያሉ። እማማ ደብሪቱም ያዩኛል፤ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ዋጡ ማለት እንዴት እንደፈለግሁ እግዚአብሔር ያውቃል።

«አልዋጡም» አልሁ።

ይመር መስቀሉን ግንባራቸው ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። እሳቸው አፋቸውን የዘጉት በኋላ ነው። ሐሙስ ዐረፉ።

ፍትሐቱን ስንጨርስ የኔታ አንድ የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። በትራቸውን ሰጡኝና «የቅዳሜውን ዙር ከእንግዲህ አንተ ሂድ» ብቻ አሉ። ሄድሁ። በኋላ ሌላ አንድ ደብር ጨምረን ሦስት አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ዙር ገባን። ዲያቆናት እየታፈሱ ሲሄዱ፣ በድርቁ ዓመት ገሚሱ አገር ለቆ ሲሰደድ፣ አምስት ጎድሎን ቅዳሴ የታጠፈበት እሑድ ከዚያ ወዲህ በእኔ ጊዜ አልነበረም። ይህ የእኔ ችሎታ አይደለም። የታመመው፣ የተቀየመው፣ የተራበው ማን እንደሆነ ከዋዜማው እናውቃለን፤ ከዚያ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። የኔታ ይህን አስተምረውን በሰላም ዐረፉ፤ ዛሬም ስማቸውን ስጠራ ከመቀመጫዬ እነሣለሁ።

አያ ሰይድን ከብዙ ዓመት በኋላ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ አገኘሁት። አርጅቷል። ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ተጫወትንና የእማማ ደብሪቱ ነገር ተነሣ።

«ወላሂ፣ እስከ ማክሰኞ ቀትር ድረስ እኮ አጥሚቱን ይውጡ ነበር» አለኝ። «ቀና አድርጌ ይዤ ያጠጣኋቸው እኔው ነኝ። ከቀትር በኋላ ነው እንቢ ያላቸው። ምን ይደረግ፣ አላህ ያለው ነው። እናንተማ የምትችሉትን ያህል ቸኩላችኋል።»

እጄን ጨብጦ ተሰናበተኝ። ሰኞና ማክሰኞ የት እንደነበርሁ አልጠየቀኝም፤ እኔም ያን ቀን አልነገርሁትም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ዛሬ ጻፍሁት።